ከምፅዋ የመጣው ነጭ ድንጋይ፦ ኮራልን በዝርያው ለይቶ ማወቅ

ባሕር ዳር ውስጥ ከምፅዋ፣ ከአሰብ ወይም ከጅቡቲ የመጣ ነጭ ድንጋይ ቡፌ ላይ ያስቀመጡ ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ድንጋይ ቅርንጫፍ አለው። አንዳንዱ ድፍን ሆኖ ላዩ በጠመዝማዛ ቦዮች ተሞልቷል። ባለቤታቸው በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንዲት ጎረቤቴ ቅርንጫፍ ያለውን ዓይነት በነጠላ ጠቅልለው አምጥተው፣ «አንተ ስለ ዓሣ ተምሬአለሁ ትል የለ? እስቲ ይህን ንገረኝ» አሉኝ። «ኮራል ነው፣ እማማ» ለማለት ብዙ አላሰብኩም። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ የትኛው ኮራል ነው?» ሲሉኝ ግን አጉሊ መነጽር ማምጣት ነበረብኝ።

ጥያቄያቸው የሚገባ ጥያቄ ነው። በቀይ ባሕር ብቻ ከ300 በላይ የድንጋይ ኮራል ዝርያዎች ይኖራሉ። ሁሉም እኩል አይበረቱም፦ ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቅርንጫፍ ያላቸው ብዙዎቹ ቀድመው ይጎዳሉ፣ ድፍን ከሆኑት መካከል አንዳንዶቹ ሙቀቱን ተቋቁመው ይተርፋሉ። «ኮራሉ እየሞተ ነው» የሚል ዜና የትኛው እየሞተ እንደሆነ ካልነገረን፣ ነገ በዚያ ባሕር ውስጥ ምን እንደሚቀር ልናውቅ አንችልም። ስለዚህ የኮራልን ማንነት በምን እንደምናውቅ፣ ዕውቀታችንም የት ላይ እንደሚቆም ላስረዳ። የጎረቤቴን ድንጋይ እንደ ምሳሌ እየያዝኩ እሄዳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ድንጋዩ የእንስሳ ሥራ ነው። ፖሊፕ የሚባል፣ ገላው ለስላሳ፣ አፉ በአጫጭር ክንዶች የተከበበ ትንሽ እንስሳ ከባሕር ውኃ ንጥረ ነገር እየወሰደ ከሥሩ የካልሲየም ካርቦኔት መቀመጫ ይሠራል። ፖሊፑ ራሱን ያባዛል፤ አዲሱም ከአሮጌው ጎን መቀመጫውን ይሠራል፤ እንዲህ እየተባለ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊፖች በአንድ አካል ላይ ተያይዘው ይኖራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች አሉ። እነሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለፖሊፑ ያካፍሉታል፤ ሕያው ኮራል ላይ የምናየው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቀለምም በአብዛኛው ከእነሱ የሚመጣ ነው። እንስሳው ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ነጩ አጽም ይቀራል። እኛ ቤት የሚደርሰው ይኼው አጽም ነው።

ጣና ላይ ኮራል የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑ ወይም ጥልቀቱ 14 ሜትር ብቻ መሆኑ አይደለም ምክንያቱ። የድንጋይ ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ ጨው የሌለው ውኃ ውስጥ አይኖርም። ይህን የምለው በዳርቻችን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አግኝተው «ጣና ላይ ኮራል ተገኘ» የሚሉ ሰዎች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። ያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ባዛልት ነው። ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሠርቶ ነበር፤ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ የአረፋው ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱን ለመለየት ቀዳዳው ውስጥ መመልከት ይበቃል። የባዛልት ቀዳዳ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ የተዘበራረቀ ነው፤ ውስጡም ባዶ ነው። የኮራል ጉድጓዶች ግን መጠናቸው የተቀራረበ ነው፤ ከዳር ወደ መሐል የሚገቡ ስስ ከፋዮችም አሏቸው። ጥርጣሬ ከቀረ በድንጋዩ ታች፣ በማይታይ ጎኑ ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ጣል ያድርጉ። ካልሲየም ካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ጠብታው አረፋ ያወጣል። ባዛልት ላይ ምንም አይሆንም። የኖራ ድንጋይ፣ እብነ በረድና የቀንድ አውጣ ቅርፊትም አረፋ ስለሚያወጡ ይህ ፈተና ባዛልትን ያስወጣልናል እንጂ ኮራል መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። ከፈተናው በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አሲዱ የምንፈልጋቸውን ጥቃቅን ምልክቶች ይበላቸዋል።

ከባሕር የመጣ ሁሉ ደግሞ እውነተኛ የድንጋይ ኮራል አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ በብዛት የሚገኝ ደማቅ ቀይ ድንጋይ አለ፤ ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን ቆመው በስስ ወለሎች የተያያዙበት። ስሙ ቱቢፖራ ሙዚካ ነው። ጠንካራ አጽም ይኑረው እንጂ ዘመዶቹ ለስላሳ ኮራሎች ናቸው፤ የፖሊፑ ክንዶች ስምንት ናቸው፣ በቱቦው ውስጥም ከፋይ የለም። ሌላው ሚሌፖራ ነው፣ ሲነኩት ቆዳን የሚያቃጥለው። ላዩ ለስላሳ መስሎ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ አሉበት፤ እሱም ከፋይ የለውም። ከፋይ የሌለው ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ይወጣል። እውነተኛው የድንጋይ ኮራል ከፋዮቹ በስድስት ሒሳብ ይሄዳሉ፦ 6፣ 12፣ 24 እያሉ። የጎረቤቴ ድንጋይ ነጭ ነው፣ ለኮምጣጤው አረፋ ሰጠ፣ ጉድጓዶቹም ከፋይ አላቸው። ስለዚህ ወደ ዋናው ጥያቄ ማለፍ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠቃላይ ቅርጹን አይቶ ኢንተርኔት ላይ ተመሳሳይ ፎቶ በመፈለግ ነው። ቅርንጫፍ ያለውን ከቅርንጫፋም ጋር፣ ክቡን ከክብ ጋር ያመሳስላል። በአበባ ወይም በወፍ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በኮራል ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱም ኮራል የሚኖርበትን ቦታ እያየ ቅርጹን ይለውጣል።

ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የሚባለውን ዝርያ እንውሰድ። በቀይ ባሕር እጅግ የተለመደ ነው፤ በቤተ ሙከራ ውስጥም ከሁሉ በላይ ከተጠኑት ኮራሎች አንዱ ነው። ብርሃን በሚበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሲያድግ ቅርንጫፎቹ ወፍራምና የተጠጋጉ ይሆናሉ፤ ጠቅላላ አካሉም ክብ ቁጥቋጦ ይሠራል። ጥልቅ ወይም ጥላ ባለበት ቦታ ያው ዝርያ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ቅርንጫፎቹ ይቀጥናሉ፣ ይራራቃሉ። እዚያ ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ቅርንጫፍ ሌላውን ባይጋርደው ይጠቀማል። ማዕበል የሚመታው ቦታ ላይ ያለው ያጥራል፣ ይደነድናል። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለት የተለያዩ እንስሳት ናቸው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። የጥንቶቹ ሊቃውንትም በዚሁ ተታለዋል፤ ለአንድ ዝርያ ብዙ ስም የሰጡበት ጊዜ አለ።

ለባሕር ዳር ሰው ይህ ችግር እንግዳ አይደለም፤ ቅርጽና ዝርያ ያልተስማሙበት ክርክር በራሳችን ሐይቅ ላይ ተካሂዷል። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምፅዋ ላይ ወርዶ ወደ ጎንደር መጣ። አስቀድሞ የቀይ ባሕርን ዓሦች ያጠና ሰው ነበር። ከጣናም ባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦችን ሰብስቦ በ1830ዎቹ አጋማሽ ባሳተመው ሥራው ለበርካታዎቹ የተለያየ ስም ሰጣቸው። በ1973 ደግሞ ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የአካባቢውን ባርበሶች መርምሮ፣ እነዚህ ሁሉ መልኩ በጣም የሚለያይ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ ብለን የምንገዛው ሁሉ በአንድ ስም ተጠራ ማለት ነው።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። ከኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሌዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ የራሳቸውን ጥያቄ ጠየቁ። የዓሦቹን የጭንቅላት ርዝመትና የአፍ አከፋፈት ለኩ፤ አልፎም ማን ምን እንደሚበላና የት ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ አጠኑ። በ2000 ባወጡት ሥራ 15 ዝርያዎችን ለዩ። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ በልተው የሚኖሩ ናቸው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው የዓሣ ቤተሰብ ይህ የሚያስደንቅ ነው። አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራና ወደ መሰል ወንዞች እንደሚወጡ፣ ሌሎቹ በሐይቁ እንደሚቀሩም ታወቀ። ጂኖቻቸው እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ ክርክሩ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እኔ ከዚህ የምወስደው የቅርጽ ልዩነት ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ነው። አመጋገብ፣ መራቢያ ቦታና ዘር ተጨምረው መታየት አለባቸው።

ኮራል ከዓሣው በአንድ ነገር ይብሳል። ከአንድ አካል ላይ የተሰበሩ ሁለት ቁራጮች፣ አንዱ ብርሃን ላይ ሌላው ጥላ ውስጥ ቢተከሉ፣ ዘራቸው አንድ ሆኖ ሳለ እድገታቸው ሊለያይ ይችላል። ታዲያ ቅርጹ ከተለወጠ የማይለወጠው ምኑ ነው?

የማይለወጠው፣ ወይም ከሁሉ ያነሰ የሚለወጠው፣ ፖሊፑ የተቀመጠባት ትንሽዋ ጉድጓድ ናት። እኔ ጽዋ ብዬ እጠራታለሁ። የጽዋዋን ውስጥ ለመረዳት ጣሪያው የተነሣ ክብ የሣር ቤት ከላይ ሆነው ሲያዩት ያስቡ። ዙሪያው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወደ መሐል የሚገቡት ክፍሉን የሚከፍሉ ስስ ቋሚ ግርዶሾች ከፋዮቹ ናቸው። መሐል ላይ ምሰሶ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ኮራልን የሚለይ ሰው ሥራው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን መመርመር ነው፦ ግድግዳው የራሷ ነው ወይስ ከጎረቤት ጽዋ ጋር የጋራ? ከፋዮቹ ስንት ናቸው፣ ሁሉስ እኩል ይረዝማሉ? ምሰሶው አለ? ድፍን ነው ወይስ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ? ከዚህ ቀጥሎ በጽዋዎቹ መካከል ያለው ሜዳ ይታያል፣ ለስላሳ ነው ወይስ እሾሃማ እየተባለ።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር፣ የማስመሪያ ቁራጭና ከጎን የሚበራ ባትሪ ይበቃሉ። ብርሃኑ ከጎን መምጣቱ ወሳኝ ነው፤ ከፊት ለፊት የሚመታ ፍላሽ ጥላውን ስለሚያጠፋው ከፋዮቹ አይታዩም። ድንጋዩ የብዙ ዓመት አቧራና የወጥ ቤት ጢስ ከያዘ በረኪና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከዚያ በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ተመራማሪዎችም ሥጋውን ከአጽሙ የሚለዩት በበረኪና ነው። በረኪናና ኮምጣጤ ግን ፈጽሞ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ፤ ከላይ ያልኩትን የኮምጣጤ ፈተና ያደረገ ሰው ድንጋዩን ሳያጥብ በረኪና ውስጥ እንዳይከተው አደራ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ድንጋይ። ቅርንጫፍ ስላለው መጀመሪያ የሚታየው የቅርንጫፉ ጫፍ ነው። አክሮፖራ የሚባለው ትልቁ የኮራል ወገን፣ በዓለም ላይ ከ100 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንዲት ከሌሎቹ የተለየች ጽዋ አለችው። ቅርንጫፉ የሚያድገው በእሷ መሪነት ነው፤ የቀሩት ጽዋዎች በጎንና በጎኗ ይደረደራሉ። ጫፉን ከላይ ሲያዩት መሐል ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ ከታየ አክሮፖራ ነው፤ ይህን ያህል እርግጠኛ የሚያደርግ ምልክት በኮራል ዓለም ብዙ የለም። የእኛው ድንጋይ ጫፉ ደልደል ያለ ነው፣ የተለየች ጽዋም የለችበትም። አክሮፖራ አይደለም።

ሁለተኛው እጩ ፖሲሎፖራ ነው። በእሱ ቅርንጫፍ ላይ ኪንታሮት የሚመስሉ ጉብታዎች አሉ፤ ጽዋዎቹም በጉብታዎቹ ላይና በመካከላቸው ይገኛሉ። እጅ ሲያልፍበት ጉብ ጉብ ይላል። የእኛው የለውም። ሦስተኛው ሴሪያቶፖራ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ቀጭን ሆነው ጫፋቸው ይሾላል፣ ጽዋዎቹም በቅርንጫፉ ቁመት በተርታ ይሰለፋሉ። የእኛው ጫፍ ደነዝ ነው፣ ጽዋዎቹም ተርታ አልያዙም። እነዚህ ሁለቱ ከስታይሎፎራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በፎቶ በጣም ይምታታሉ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የቻለ ግን ከዚያ በኋላ አያምታታቸውም።

የቀረው ስታይሎፎራ ነው። ይህን ደግሞ በማስወገድ ብቻ መቀበል አይገባም፤ የራሱ ምልክት መገኘት አለበት። ጽዋዎቹ ስፋታቸው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ በብዙዎቹ ላይ ከአንድ ወገን ብቅ ያለች ትንሽ ቆብ መሳይ ከለላ አለች። በውስጣቸው ስድስት ዋና ከፋዮች ይታያሉ። መሐል ላይ ጠንካራና ድፍን ምሰሶ ቆሟል። በጽዋዎቹ መካከል ያለው ሜዳ በጥቃቅን እሾሆች ተሸፍኗል፤ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው ለዚህ ነው። አራቱም በጎረቤቴ ድንጋይ ላይ አሉ። ከለላዋ በቅርንጫፉ ጎን ላይ በደንብ ትታያለች፣ ሥሩ አካባቢ ግን ተልጣለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ያልተፋተገውን፣ ያልተሰበረውን ክፍል መፈለግ ይገባል። ማዕበል ያመላለሰውና ከአሸዋ ላይ የተለቀመ ኮራል ጽዋው ሁሉ ሊላጥ ይችላል፤ ያ ሲሆን ማንም ሊቅ ስም ሊሰጠው አይችልም።

ወገኑ ታወቀ፦ ስታይሎፎራ። ዝርያውስ? በቀይ ባሕር በብዛት የሚገኘውና ከምልክቶቹ ጋር የሚስማማው ፒስቲላታ ነው። ኤስፐር የተባለ ጀርመናዊ በ1790ዎቹ ስም ሲሰጠው ያኔ ብዙ ኮራል በሚጠቀለልበት ማድሬፖራ በሚባል ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር። ዛሬ በመጻሕፍት ውስጥ የኤስፐር ስምና ዓመቱ በቅንፍ ውስጥ የሚጻፉት ለዚህ ነው፤ ቅንፉ ዝርያውን የሰየመው ሰው መጀመሪያ ያስገባው ሌላ ወገን ውስጥ እንደነበር ይናገራል። ይህችን ትንሽ ሥርዓት ያወቀ አንባቢ ከስም አጻጻፍ ብቻ ብዙ ታሪክ ያነባል።

የቀይ ባሕር ኮራሎች ስም ብዙ ዋጋ ተከፍሎበታል። ለሕያዋን ስም የመስጠቱን ሥርዓት ያስያዘው የስዊድናዊው ሊቅ የሊኔዎስ ተማሪ የነበረው ፎርስኮል ከዴንማርክ የምርምር ጉዞ ጋር መጥቶ በ1763 የመን ውስጥ በበሽታ ሞተ። ማስታወሻዎቹን በ1775 ያሳተመለት ከጉዞው በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር ነው። ዛሬ ዲፕሳስትሬያ ፋቩስ የምንለው ኮራል በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው የተሰየመው። ከእነሱ በኋላ ሁለት ጓደኛሞች፣ ኤረንበርግና ሄምፕሪክ፣ ከ1820 እስከ 1825 ድረስ በቀይ ባሕር አካባቢ ሰበሰቡ። ሄምፕሪክ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በ1825 ምፅዋ ላይ በበሽታ ሞተ። ኤረንበርግ የቀይ ባሕርን ኮራሎች የገለጸበትን ሥራ በ1834 ሲያወጣ ለአንዱ አክሮፖራ የጓደኛውን ስም ሰጠው፦ አክሮፖራ ሄምፕሪኪ። እነዚህን ስሞች ከመጽሐፍ ላይ ሳነብ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ድፍንና ክብ የሆኑትን በፍጥነት ልለፋቸው፤ መንገዱ ያው ነው። ሁለት ጎረቤት ጽዋዎች አንድ ግድግዳ ከተጋሩ ፋቪቴስ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። እያንዳንዷ ጽዋ የራሷ ግድግዳ ኖሯት በመካከል ጠባብ ክፍተት ካለ ዲፕሳስትሬያ። ጽዋዎቹ ተያይዘው ረጅም ጠመዝማዛ ሸለቆ ከሠሩ ፕላቲጂራን ይጠርጥሩ። ላዩ ለስላሳ መስሎ ጽዋዎቹ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጡ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ከሆኑ ፖራይቴስ ነው፤ ይህ ብዙ ዝርያ ያለው፣ ከወገኑ አልፎ ዝርያውን መለየት ለባለሙያም ፈተና የሆነ ኮራል ነው። ጋላክሲያ ፋሲኩላሪስ ግን ለጀማሪ ደግ ነው። ጽዋዎቹ እንደየራሳቸው ወደ ላይ የቆሙ ቱቦዎች ናቸው፣ ከፋዮቹም ከግድግዳው በላይ ስለት ሆነው ይወጣሉ። አንድ ብቻውን ያለ፣ ከምንም ያልተጣበቀ፣ ከላይ ብዙ ስስ ከፋዮች ከመሐል ወደ ዳር የሚበተኑበት ክብ ሳህን ያለው ሰው ደግሞ የፈንጂያን ወገን ይዟል። ያ ሳህን በሙሉ የአንድ ፖሊፕ መቀመጫ ነው።

አሮጌ መጽሐፍ ያለው አንባቢ ዲፕሳስትሬያ የሚለውን ስም ላያገኘው ይችላል፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፋቪያ ተብሎ ነው የሚገኘው። ይህ ለውጥ የመጣው ከዲኤንኤ ጥናት ነው። በ2004 ሂሮኖቡ ፉካሚና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ በመልካቸው ምክንያት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተመደቡ የአትላንቲክና የፓሲፊክ ኮራሎች በዘራቸው እጅግ የተራራቁ እንደሆኑ አሳየ። የተለያየ ባሕር ውስጥ ያሉ የተለያዩ ዘሮች ተመሳሳይ አጽም ይዘው ተገኙ ማለት ነው። በ2012 በወጣው የምደባ ክለሳ ፋቪያ የሚለው ስም ለአትላንቲኮቹ ቀረ፤ የእኛ አካባቢዎቹ ዲፕሳስትሬያ ተባሉ።

ስታይሎፎራም አላመለጠም። በ2013 የወጣ ጥናት ፒስቲላታ በሚለው አንድ ስም ሥር በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖሶች አራት በዘር የተራራቁ ሐረጎች እንዳሉ አሳይቷል። ሐረጎቹን በዓይን ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ በቀይ ባሕር ውስጥ ለተለያየ የስታይሎፎራ ቅርጽ የተሰጡ በርካታ የዝርያ ስሞች አሉ፤ የዘር ድንበሩ ግን ከስሞቹ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በአንድ በኩል አንድ የመሰለው ብዙ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ብዙ የመሰለው አንድ ይሆናል። ሩፔልና ባኒስተር በጣና ባርበሶች ላይ የተለያዩበት ጉዳይ በኮራል ላይ እንዲህ ነው የሚቀጥለው።

ስለዚህ ለጎረቤቴ የሰጠኋቸው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ስታይሎፎራ መሆኑን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ፒስቲላታ ነው ብዬ ስጽፍልዎ ግን ‹ይመስላል› የሚል ቃል እጨምርበታለሁ።» አላዘኑም። ይልቁንስ ምፅዋ ላይ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ አስታውሰው ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩት። የመጣበት ቦታ ያልታወቀ አጽም ግማሽ ማስረጃው የጠፋ አጽም ነው፤ የሁለት ውቅያኖሶች ኮራሎች ሊመሳሰሉ እንደሚችሉ ካየን በኋላ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

«ወገኑን አውቃለሁ፣ ዝርያውን እጠረጥራለሁ» ማለት ደካማ መልስ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የዓለም አቀፍ ሕግም ይህንኑ መልስ እንደሚቀበል ይወቅ። የድንጋይ ኮራሎች በሙሉ፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በሚባለው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1989 ተቀብላለች። ዝርያቸውን መለየት ለሚያስቸግሩ ብዙ ኮራሎች በፈቃዱ ወረቀት ላይ የወገኑ ስም ብቻ እንዲጻፍ ስምምነቱ ይፈቅዳል። ይህ ማለት ግን ዛሬ ከጅቡቲ ወይም ከሞምባሳ ዳርቻ አንድ ቁራጭ ለማስታወሻ ሻንጣ ውስጥ ከቶ መምጣት ይቻላል ማለት አይደለም። ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። እኔም ከባሕሩ መነቀሉን አልደግፍም፤ ቡፌያችን ላይ ያሉት የድሮዎቹ ለመማሪያ ይበቃሉ።

ኮራልን በአገር ውስጥ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ቦታ አለ። አፋር ውስጥ፣ በዳናክል ዝቅታ ዳርቻዎች፣ ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ገብቶ በነበረበት ዘመን የበቀሉ ሪፎች፣ ማለትም ኮራሎች የገነቧቸው የድንጋይ ክምሮች፣ ደርቀው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከ120,000 ዓመት በላይ ነው። ከጨው ሜዳው በላይ ባለው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው እግሩ ሥር ያሉትን ጽዋዎች በአጉሊ መነጽር ሊያነባቸው ይችላል፤ ግድግዳ፣ ከፋይ፣ ምሰሶ እያለ። እዚያም ቢሆን መዶሻ ሳይሆን ካሜራ ይዞ መሄድ ነው የሚሻለው።

በፎቶ መለየት የሚፈልግ፣ ሕያውም ይሁን አጽም፣ ሦስት ፎቶ ያንሣ። አንዱ ጠቅላላ አካሉን ያሳይ። ሁለተኛው የቅርንጫፉን ጫፍ ወይም የድፍኑን ጠርዝ። ሦስተኛው ማስመሪያ ከጎኑ ተደርጎ፣ ብርሃን ከጎን እየመጣ፣ ጥቂት ጽዋዎች ብቻ ፍሬሙን ሞልተው። ቀለሙን ለማሳመር ፎቶውን አያስተካክሉ፤ ቀለም በአልጌውና በብርሃኑ ስለሚለዋወጥ ማንነትን አይናገርም፣ የተስተካከለ ፎቶ ላይ ግን ከፋዮቹ ሊደበዝዙ ይችላሉ። ከፎቶው ጋር ቦታው፣ ጥልቀቱና ቀኑ ይጻፍ። አንድ ፎቶ ብቻ ለመላክ የተገደደ ሰው ሦስተኛውን ይላክ።